አገር ሲቃረብ የሚፈጸሙ ስህተቶች፦ ከአዞረስ እስከ ፋልመዝ

አትላንቲክን አቋርጠው በሸራ ጀልባ ወደ እንግሊዝ ከሚመለሱት ብዙዎቹ ከአዞረስ ደሴቶች አንዷ በሆነችው በፋያል፣ ኦርታ ወደብ ያርፋሉ። ከዚያ በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ እስካለው የፋልመዝ ወደብ 1,200 ያህል የባሕር ማይል ይቀራል። አለቱ፣ ወራጁ ውሃና የመርከቦች መስመር የሚጠብቁት መጨረሻው ላይ ነው፤ ያውም ሰዉ ከደከመ በኋላ።

«ቅዳሜ እንደርሳለን» ማለት። ቤተሰብ ወደብ ላይ እየጠበቀ ነው ሲባል፣ ክፉ የአየር ትንበያ እያዩ ወደፊት መግፋት ይመጣል። ገና የብስ ሳይታይ ከ4,000 ሜትር በላይ የነበረው ጥልቀት ወደ 200 ሜትር ያንሳል፤ ትልቅ ሞገድ ሲኖር ባሕሩ እዚያ ይከፋል። ብርቱ ነፋስ ከተተነበየ ጥልቁ ውሃ ላይ መቆየት ይሻላል።

ሞተሩን ወደብ አፍ ላይ ማስነሳት። ከሁሉ የከፋው ይህ ይመስለናል። ለቀናት ሲናጥ የከረመ ታንክ ከሥሩ የተኛው ዝቃጭና ውሃ ይበጠበጣል፤ ናፍጣው ሲያንስ ደግሞ ይብሳል። የብስ ከመታየቱ ሁለት ቀን ቀድመው የፊልትሮውን ውሃ ያፍስሱ፣ ፊልትሮውን ይቀይሩ፣ አየሩን ያስወጡ፣ ከዚያ ማርሽ አስገብተው ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ያሠሩት። ያለ ማርሽ ማሠራት ብዙም አያሳይም። ዙሩ እንደ ወትሮው ሆኖ ፍጥነቱ ካነሰ ፕሮፔለሩን ዛጎላም እንስሳት ወርሰውት ሊሆን ይችላል። ሞተሩ እምቢ ሲል ማስነሻውን ደጋግሞ መጫን ሌላ ጣጣ አለው፦ ፖምፓው የባሕር ውሃ ይስባል፣ ውሃውን የሚገፋ ጭስ ግን የለም፤ ስለዚህ ጭስ ማውጫው ሞልቶ ውሃው ወደ ሲሊንደር ይመለሳል። የማቀዝቀዣውን ውሃ መግቢያ ዘግተው ይሞክሩ፤ ሞተሩ እንደተነሳ ወዲያው ይክፈቱት።

መልህቁን እንደታሰረ ይዞ መግባት። ሞተር ጠባብ ቦታ ላይ ቢጠፋ ያለው ፍሬን እሱ ብቻ ነው። የሰንሰለቱን ቀዳዳ የደፈነውን ጨርቅ ቀድመው ያውጡ። በፋልመዝ ባሕሩ በትልቁ ሙላት ወቅት 5 ሜትር ያህል ከፍና ዝቅ ይላል፤ ውሃው ሲጎድል 5 ሜትር ላይ የቆመ ጀልባ ሲሞላ 10 ሜትር ላይ ነውና ቢያንስ 40 ሜትር ሰንሰለት ይልቀቁ።

«መርከቧ ገና ሩቅ ናት» ማለት። በ18 ኖት (በሰዓት 18 የባሕር ማይል) የምትመጣ መርከብ 6 ማይልን በ20 ደቂቃ ትጨርሳለች። ከእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ባሻገር ካሉት ከሲሊ ደሴቶች ደቡብ ያለውን የመርከቦች መስመር የግድ ካቋረጡ የጀልባውን አፍንጫ ከመርከቦቹ አቅጣጫ በ90 ዲግሪ ይያዙ። «በሸራ ስለምሄድ ቅድሚያ የእኔ ነው» የሚለው እዚህ አይሠራም፤ የ1972ቱ የግጭት መከላከያ ደንብ በመስመሩ የምትጓዝ መርከብን ማደናቀፍ ይከለክላል።

መብራት ሲታይ ሁሉም ነቅቶ ማደር። ከፋልመዝ በፊት ባለው በሊዛርድ ርእሰ ምድር ላይ ያለው የባሕር መብራት በየ3 ሴኮንዱ ነጭ ብልጭ ሲል ሁሉም ይወጣል፣ ሻይ ይፈላል፣ የእንቅልፍ ተራ ይረሳል። ማናክልስ የሚባሉት አለቶች ግን ያሉት ከዚያ በኋላ ነው። በፋልመዝ መግቢያ ያለው የሴንት አንቶኒ መብራት ቀይ ሆኖ ከታየ ጀልባው በአለቶቹ በኩል ነው፤ ነጭ እስኪሆን ወደ ምሥራቅ ይውጡ። ፋልመዝ በማንኛውም ሰዓት ይገባበታል፤ መግቢያው መሃል ያለውን ብላክ ሮክ የተባለ አለት ለይቶ የሚያይ ንቁ ዓይን ከሌለ ግን ከባሕር ዳርና ከመርከቦች መስመር ርቆ ንጋትን መጠበቅ ነው።

ቢጫውን ባንዲራ መርሳት። ከውጭ የሚመጣ ጀልባ 12 ማይሉን የባሕር ክልል ሲያልፍ ጀምሮ ይሰቅለዋል፤ የጉምሩክና የድንበር ፍተሻው ሳያልቅ አይወርድም።

ገመድ አስሮ ወደ ቤት መሮጥ። በጀልባው ሥር ያሉት የውሃ መግቢያ ቧንቧዎች ይዘጉ። ጨው እርጥበት ስለሚይዝ ሸራዎቹ በንጹህ ውሃ ታጥበው ሳይደርቁ አይታጠፉ።