ቾሪፓን እቤት ስትሠሩ፦ ቋሊማው ሲፈነዳ፣ ሲደርቅ፣ ማባያው ሲመር

ቾሪፓን የአርጀንቲናዎች ሳንዱች ነው። በከሰል የተጠበሰ ቋሊማ፣ ጠንከር ያለ ቅርፊት ያለው ዳቦ፣ ላዩ ላይ ቺሚቹሪ የሚባል የፓርስሊና የነጭ ሽንኩርት ማባያ። በቃ። ቦነስ አይረስ ውስጥ ስታዲየም በር ላይ ይሸጣል፣ መንገድ ዳር ይሸጣል፣ ቤት ውስጥም ትልቁ ሥጋ እስኪደርስ ለእንግዳ ቀድሞ የሚቀርበው እሱ ነው። ሦስት ነገር ብቻ ስለሆነ አንዱ ከተበላሸ የሚሸፍንለት የለም። ሰው ቤት ስጠራም፣ ወዳጆቼ ፎቶ ሲልኩልኝም የማየው ብልሽት ያው ነው። የቀዘቀዘ ቋሊማ ከማታ ጀምሮ ፍሪጅ ውስጥ እንደሚቀልጥ፣ ፍርግርጉ መጽዳት እንዳለበት ታውቃላችሁ፣ እሱን አልደግመውም።

ውጩ ከሰል ሆኗል፣ ቆዳው ተተርትሯል፣ ውስጡ ጥሬ ነው

ዋናው ችግር ይሄ ነው። ሁሉም ቋሊማውን ይወቅሳል፣ ጥፋቱ ግን የእሳቱ ነው።

ቋሊማው ሲሞቅ ውስጡ ያለው ስብ ይቀልጣል፣ ውሃውም እንፋሎት መሆን ይጀምራል። ቀስ ብሎ ከሞቀ የተሞላበት አንጀት እየተለጠጠ ይችለዋል። እሳቱ ከበረታ ግን አንጀቱ ቶሎ ይደርቃል፣ ከውስጥ የሚገፋውን መቋቋም ያቅተውና ይተረተራል። ከዚያ ስቡ ፍሙ ላይ ይፈሳል፣ ነበልባል ይነሳል፣ ነበልባሉ ሥጋውን ጥቀርሻ ያለብሰዋል። ይሄ ሁሉ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ነው። መሃሉ ገና አልሞቀም።

ጥብስ የለመደ እጅ ኃይለኛ እሳት ይወዳል። ለጥብስ ልክ ነው፣ ሥጋው በትንንሹ ተከትፏል፣ ቶሎ ደርሶ ቶሎ ይወጣል። ቋሊማ ግን ወፍራም ነው፣ ሥጋውም የተፈጨ ነው፣ እስከ መሃሉ መብሰል አለበት። «ክትፎ ለብለብ እየበላን ምን ችግር አለው» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። አይገናኝም! ያ ሥጋ የዛሬ ነው፣ ከየት እንደመጣ ታውቃላችሁ። ቋሊማው መቼ እንደተፈጨ፣ ስንት ቀን ሱቅ እንደቆየ አታውቁም። ሲፈጭ ደግሞ ላዩ ላይ የነበረው ባክቴሪያ በሙሉ ውስጡ ይገባል። መሃሉ 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረስ አለበት። የሥጋ ቴርሞሜትር ካላችሁ በጫፉ በኩል ወደ መሃል አስገቡት፣ በጎን አትውጉት። ከሌላችሁ አንዱን ከመሃል ቁረጡና እዩ፤ የሚያጣብቅ ለስላሳ ሥጋ ካለ ገና ነው፣ ሁሉም ይመለሱ።

መፍትሄው መጠበቅ ነው። ከሰሉን አቀጣጥሉና ነበልባሉ ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ፣ ፍሙ በነጭ አመድ እስኪሸፈን ተዉት። ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ከዚያ ፍሙን ወደ አንድ ጎን ሰብስቡት፣ ቋሊማው ፍም በሌለበት በኩል ይቀመጥ። እጃችሁን በፍርግርጉ ከፍታ ላይ ዘርጉ። ስድስት ሰባት እስክትቆጥሩ ከቻላችሁ ጥሩ ነው። ሦስት ላይ ከሸሻችሁ ገና ይፋጃል፣ ጠብቁ። ወፍራም ቋሊማ በዚህ እሳት ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ይወስዳል፣ በየጥቂት ደቂቃው እያገላበጣችሁ። ቶሎ ይድረስልኝ የሚል ሰው ሌላ ምግብ ይሥራ።

ላቀች ምድጃ የምትጠቀሙ ደግሞ ይሄን ልብ በሉ። ላቀች ሙቀት እንዳያባክን ተብሎ የተሠራ ምድጃ ነው፣ ለወጥና ለቡና ግሩም ነው፣ ግን ሙቀቱን ሁሉ መሃል ላይ ይሰበስበዋል። ፍርግርጉን በቀጥታ አፉ ላይ ካስቀመጣችሁት መሃል ያለው ቋሊማ ሲያር ዳር ያለው ጥሬ ይቀራል። ሁለት ሁለት ጡብ ግራና ቀኝ አቁሙና ፍርግርጉን ከፍሙ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አድርጉት። ከሰሉንም ቀንሱ፣ እስከ አፉ አትሙሉት።

አንድ ልደት ላይ ጥብሱን የያዘው ልጅ ማራገቢያውን ከእጁ ሊያወርድ አልቻለም። እንግዳው እየበዛ ስለነበር ቸኮለ። ያራግባል፣ ነበልባሉ ይነሳል፣ ውሃ ይረጭበታል፣ አመዱ ቦንኖ ሥጋው ላይ ያርፋል፣ እንደገና ያራግባል። መጨረሻ ላይ የቀረበው በአመድ የተሸፈነ፣ ተተርትሮ ስቡ ያለቀ፣ መሃሉ ሮዝ የሆነ ነገር ነበር። ለልጆች ነው የቀረበው። ከሰሃናቸው ላይ እየሰበሰብኩ ወደ ፍርግርጉ መለስኩት። ስለዚህ ቋሊማው ከተቀመጠ በኋላ ማራገቢያ አያስፈልግም፣ ውሃ መርጨትም አያስፈልግም። ነበልባል ከተነሳ ቋሊማውን አንሱት፣ እስኪጠፋ ጠብቁ፣ መልሱት።

ሁለተኛው ጥፋት ሹካ ነው። «ስቡ እንዲወጣ» እያሉ ቋሊማውን የሚወጉ ሰዎች አሉ። ስቡ ነው እኮ የሚያጣፍጠው! በያንዳንዱ ቀዳዳ ስብ ይንጠባጠባል፣ ነበልባሉን የሚቀሰቅሰውም እሱ ነው። በመቆንጠጫ ብቻ አገላብጡ። ከመጀመሪያው ለሁለት ሰንጥቆ መጥበስም ያው ነው። አርጀንቲናዎች ለሁለት ይሰነጥቁታል፣ «ማሪፖሳ» ይሉታል፣ ግን ሊደርስ ሲል ነው። በቁመቱ ሰንጥቃችሁ የተሰነጠቀውን ፊት ለሁለት ደቂቃ ወደ ፍሙ አዙሩት፣ ከዚያ ወደ ዳቦው።

ከሰል በላምባ አታቀጣጥሉ። ሽታው ሥጋው ውስጥ ይገባል፣ ቺሚቹሪም አይሸፍነውም። በፌስታል ማቀጣጠል ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው፣ የፕላስቲክ ጭስ ነው የምትበሉት። ጭራሮና ወረቀት ይበቃል። ከሁሉም በላይ ግን፣ ዝናብ መጣ ብላችሁ የነደደ ከሰል ወደ ቤት እንዳታስገቡ። በሩ የተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል ሰው ይገድላል። ጋዙ ሽታ የለውም፣ ራስ ምታቱ ሲጀምር ሰው ድካም ይመስለዋል። ፍሙ ነጭ ሆኖ ጭሱ ስለጠፋ ደህና ነው ማለት አይደለም።

ኮንዶሚኒየም ለሆናችሁና ግቢ ለሌላችሁ መጥበሻ ይሠራል። ቋሊማውን ከጥቂት ማንኪያ ውሃ ጋር አድርጉና ክዳኑን ገጥማችሁ በትንሽ እሳት 10 ደቂቃ ያህል ተዉት። ከዚያ ክዳኑን አንሱ፣ ውሃው ይትነን፣ በራሱ ስብ እያገላበጣችሁ አቅሉት።

በስሏል፣ ግን ደረቅና ፍርፍር ነው

ስብ የለውም። የአርጀንቲናው ቋሊማ አብዛኛውን ጊዜ የአሳማና የበሬ ሥጋ ድብልቅ ነው፣ ስቡን የሚያመጣው አሳማው ነው። እኛ በበሬ ብቻ ስንሠራው ስቡን ራሳችን ማስገባት አለብን። ሥጋ ቤት ሄዳችሁ «ቀይ ሥጋ ፍጭልኝ» አትበሉ። 700 ግራም ሥጋ ከ300 ግራም ጮማ ጋር አብሮ ይፈጭ፣ 18 ግራም ጨው፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ትንሽ ፓፕሪካ። ሥጋውም ጮማውም ከፍሪጅ ሲወጡ በጣም ቀዝቃዛ ይሁኑ። ከሞቀ ስቡ እንደ ቅባት ይለቀለቅና ሲጠበስ በሙሉ ይወጣል። ከጨው ጋር እጅ ላይ እስኪጣበቅ ድረስ እሹት፣ የሚያያይዘው እሱ ነው። አንጀት ካላገኛችሁ ረዘም አድርጋችሁ በእጅ ጠቅልሉና ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሰዓት አቆዩት፣ መጥበሻ ላይ ይሠራል።

እንደ ጎማ የሚለጠጥ

ቀድሞ የበሰለ ቋሊማ ገዝታችኋል። ጀርባውን አንብቡ፤ ስታርችና አኩሪ አተር ከሥጋው ቀድመው ከተጻፉ መልሱት። በዋጋው ሥጋ መግዛት ትችላላችሁ፣ ለምን ዱቄት ትገዛላችሁ? ምንም ዓይነት እሳት አያድነውም።

ማባያው መረረ

ብሌንደር ውስጥ ገብቷል። የወይራ ዘይት በብሌንደር ሲመታ ይመራል፣ ፓርስሊውም ተፈጭቶ አረንጓዴ ገንፎ ይሆናል። ቺሚቹሪ በቢላ ነው የሚከተፈው። አንድ እስር ፓርስሊ፣ አራት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ደረቅ ኦሬጋኖ፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ አቼቶ፣ ግማሽ ኩባያ ዘይት። የሱፍ ዘይትም ይሆናል። ሚጥሚጣ አታድርጉ፣ ኮረሪማው ጣዕሙን ይለውጠዋል። ዛላ በርበሬ ፍሬውን አራግፋችሁ በሙቀጫ ሸካራ አድርጋችሁ ውቀጡ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ይበቃል። ኦሬጋኖ ከጠፋ ጦስኝ ይሞከር። የድንብላል ቅጠል ግን ሌላ ማባያ ያደርገዋል።

አንዱ ጉርሻ ጨው፣ ሌላው አልጫ ከሆነ፣ ጨው ዘይት ውስጥ ስለማይሟሟ ነው። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው መጀመሪያ በሁለት ማንኪያ ሙቅ ውሃ ይሟሟ፣ ኦሬጋኖውና በርበሬው እዚያው ይራሱ፣ ከዚያ ነጭ ሽንኩርት፣ አቼቶ፣ ፓርስሊ፣ ዘይቱ መጨረሻ።

ውሃ ውሃ ካለ ፓርስሊው ከታጠበ በኋላ አልደረቀም። በንጹህ ፎጣ ጠቅልላችሁ ጨምቁት። ቡናማ ከሆነ አቼቶው ውስጥ ብዙ ቆይቷል፣ ይበላል፣ መልኩ ብቻ ነው። ነጭ ሽንኩርቱ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ከሆነም አትደንግጡ፣ ከአሲዱ ጋር ሲገናኝ አንዳንዴ ያደርገዋል።

ዳቦው ራሰ

ለስላሳ ዳቦ ነበር። ቅርፊት ያለው የፉርኖ ዳቦ ግዙ፣ ሰንጥቃችሁ ውስጡን አንድ ደቂቃ ፍሙ ላይ አሙቁት። ማባያው ዳቦው ላይ ሳይሆን ቋሊማው ላይ ይደረግ፣ ያውም ሊበላ ሲል።

የተረፈ ማባያ ጠረጴዛ ላይ አይደር። ዘይት ውስጥ ያለ ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ከፍሪጅ ውጭ ሲቆይ ሽታውም መልኩም ሳይለወጥ ሊመርዝ ይችላል። ብልቃጥ ውስጥ ከድናችሁ ፍሪጅ አስገቡት፣ በሦስት በአራት ቀን ጨርሱት። የወይራ ዘይት ከሆነ ይረጋል፣ ከመብላታችሁ በፊት ለጥቂት ደቂቃ አውጡት።