የትሪያል ብስክሌት ቸርኬ ፍሬን እንዲነክስ እንዴት እንደምሞርደው

ትሪያል (እግር መሬት ሳይነካ በብስክሌት መሰናክል ላይ የሚዘለልበት ስፖርት) ላይ የኋላ ጎማህን ግንብ ጫፍ አቁመህ ፍሬኑን በአንድ ጣት ስትይዝ፣ ቸርኬው ንቅንቅ ማለት የለበትም። ለስላሳ አሉሚኒየም ግን፣ በተለይ እርጥበት ሲነካው፣ ያንሸራትታል። እኔ ቅልጥሜን ከድንጋይ ጠርዝ ጋር ያጋጨሁት በዚሁ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ቸርኬ ሳልሞርድ አልወጣም። ይህ ግን እንደ ማጉራ ኤችኤስ33 ቸርኬውን ለሚጨብጥ ፍሬን ብቻ ነው። ፍሬንህ ዲስክ ከሆነ አትንካው።

አስቀድመህ ራጂውን አስተካክል፤ የተወላገደ ቸርኬ እኩል አይሞረድም። ጎማውንና ካላማዳሪያውን አውጣ፣ መነጽርና የአፍንጫ መሸፈኛ አድርግ።

ዋናው ነገር የእጅ ቅለት ነው። ግራይንደሩን አጥብቀህ ያዝ፣ የብረት ድንጋዩን ግን በስሱ ብቻ አስነካው፤ ነካ፣ አንሳ፣ ነካ፣ አንሳ። ቸርኬውን በሌላ ሰው እጅ ቀስ እያስባልክ አዙር። ጭረቱ በዙሪያው ሳይሆን አግድም ይሁን፤ ጥፍርህን ስታስኬድበት እንደ ሞረድ ይንገጫገጫል። አንድ ቦታ ላይ ከቆየህ የቸርኬው ግድግዳ ይሳሳል፣ የሳሳ ቸርኬ ደግሞ ሲዘሉበት ይሰነጠቃል።

የላይኛውን ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት አለስልስ፤ እሾህ ከቀረበት ጎማውን ይበላል። ብናኙን በአልኮል ጥረግ። የፍሬኑን ላስቲክ በአዲስ ቀይር፣ ከቸርኬው ጋር ትይዩ አድርገህ እሰር።

የመጀመሪያውን ቀን መሬት ላይ ተለማመድ፣ አያያዙ ድንገተኛ ነው። ድምፁም ይጮኻል። ጭረቱ ሲያብለጨልጭ እንደገና ሞርደው።