«ያዞረኛል» የሚሉንን አረጋውያን ስንረዳ የምንሠራቸው ስህተቶች

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ከማያቸው ሰዎች ብዙዎቹ 65 ዓመት ያለፋቸው እናቶችና አባቶች ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ የሚመጡት ወድቀው ዳሌያቸው ወይም የእጃቸው አንጓ ከተሰበረ በኋላ ነው። «ከመውደቅዎ በፊት የሚሰማዎት ነገር ነበር?» ብዬ እጠይቃለሁ። «ኧረ ልጄ፣ እሱማ ቆየ፤ ያዞረኝ ነበር» ይሉኛል። ይህችን «ቆየ» በሰማሁ ቁጥር አንጀቴ ያራል። አጥንታቸው ሳይሰበር ልንደርስባቸው የምንችልባቸው ወራት ነበሩ ማለት ነውና።

በወላጅ ፈንታ መመለስ

እናት ወንበሩ ላይ ተቀምጠዋል። «እማማ፣ ምን ይሰማዎታል?» እላለሁ። ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ ልጃቸው «ያዞራታል፤ ግፊት አለባት» ይላል። በቃ። እሳቸውም «አዎ» ብለው ዝም ይላሉ።

«ማዞር» በምንላት አንዲት ቃል ውስጥ ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ነገሮች አሉ። አረጋውያኑ ራሳቸው እንዲናገሩ ከተተዉ ደግሞ አንዱን ከሌላው አሳምረው ይለዩታል። «ቤቱ ይዞርብኛል፤ ጣራው ይሽከረከራል» ያሉ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚነግሩን ስለ ውስጠኛው ጆሮ ነው። «ብድግ ስል ጭው ይልብኛል፤ ዓይኔ ይጨልማል» ያሉት ደግሞ ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ለአፍታ ማነሱን ነው። «ራሴስ ደህና ነው፤ እግሬ ነው የሚያንገዳግደኝ» ያሉት ስለ እግር ነርቭ፣ ስለ ጡንቻ ወይም ስለ ዓይን እየነገሩን ነው። ስኳር ለዓመታት የቆየባቸው ሰዎች እግራቸው መሬቱን በደንብ ላይሰማው ይችላል። ሲጨልም ይብስባቸዋል። ድሮ ለሳንባ ነቀርሳ ስትሬፕቶማይሲን የተወጉም አሉ። ያ መርፌ የጆሮን የሚዛን ክፍል ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ የቆየ ታሪክም ቢሆን አትናቁት።

ሐኪም ጋ ከመሄዳችሁ በፊት ከወላጃችሁ ጋር ቁጭ በሉና ጠይቋቸው። ሲጀምራቸው ምን እያደረጉ ነበር? ለሰከንዶች ነው፣ ለሰዓታት ወይስ ለቀናት የቆየው? አብሮት ምን መጣ? ቃላቸውን ሳታርሙ ጻፉት። ወረቀቷን ይዛችሁ ኑ።

«እርጅና ነው»

አይደለም። 80 ዓመት ሞልቷቸው ምንም የማያዞራቸው ሰዎች አሉ። ዕድሜ ምክንያቶቹን ያበዛል እንጂ ራሱ ምክንያት አይደለም።

ጠጠሯ ቦታዋን ስታ ሳለ ለዓመት ኪኒን መዋጥ

ይህን ስህተት እኔም ሠርቼዋለሁ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንዲት እናት መጡ። ቁም ሳጥን ላይ ዕቃ ለማውረድ ቀና ሲሉ ያዞራቸዋል። «አንገት ነው» ብዬ ለሳምንታት አንገታቸውን አሸሁ። አልጋ ላይ ሲገላበጡም እንደሚያዞራቸው አልጠየቅኩም ነበር። ኋላ ላይ አንዲት ልምድ ያላት ባልደረባዬ በአንድ ደቂቃ ምርመራ አገኘችው። እኚያ እናት ያን ሁሉ ሳምንት ትራስ ደራርበው ቁጭ ብለው ነበር የሚተኙት። ዛሬም ሳስበው ያሳዝነኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በውስጠኛው ጆሯችን ውስጥ ደቃቅ የካልሲየም ጠጠሮች አሉ። በዕድሜ ወይም ጭንቅላት ሲመታ ከቦታቸው ይላቀቁና ሚዛን ወደሚጠብቁት ቀለበት መሰል ቱቦዎች ይገባሉ። ሰውየው ሲገላበጥ፣ ቀና ሲል ወይም ሲያጎነብስ ጠጠሮቹ ይንከባለላሉ። ጆሮው ሰውነት እየዞረ ነው ብሎ ለአንጎል የተሳሳተ ወሬ ይልካል። አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ደቂቃ በታች ቆይቶ ይቆማል። ሐኪሞች ቢፒፒቪ ይሉታል። «ቤቱ ይዞርብኛል» የሚያሰኘውን ማዞር ከሚያመጡት ሁሉ እጅግ የተለመደው ይህ ነው።

ምርመራው መሣሪያ አይፈልግም። ታካሚውን ጭንቅላቱን ወደ አንድ ጎን አዙሮ በፍጥነት ወደ ኋላ ማስተኛትና ዓይኑን ማየት ነው። ዓይን በባሕርይው መንገድ ከተንቀጠቀጠ መልሱ ተገኘ። ሕክምናው ጭንቅላትን በቅደም ተከተል እያዞሩ ጠጠሮቹን ወደ ቦታቸው መመለስ ነው። በብዛት የምንጠቀምበትን መንገድ አሜሪካዊው የጆሮ ሐኪም ጆን ኢፕሊ እ.ኤ.አ. በ1992 ለሙያው ዓለም በጽሑፍ አስተዋወቀው። ጥቂት ደቂቃ ነው የሚወስደው። ብዙዎች በአንድ ወይም በሁለት ጊዜ ይሻላቸዋል።

ግን ኪኒን ለወራት የሚውጡ ሰዎች አያለሁ። ሲናሪዚንን የመሰለ ማዞርን የሚያፍን መድኃኒት ለጥቂት ቀን ማቅለሽለሹን ሊያስታግስ ይችላል። ጠጠሩን ግን ወደ ቦታው አይመልሰውም። ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ አንጎል ሚዛኑን እንደገና እንዳይለማመድ ያደርጋል። በአረጋውያን ላይ ደግሞ ፓርኪንሰን የሚመስል መንቀጥቀጥና መገተር ሊያመጣ ይችላል።

ቪዲዮ አይታችሁ ቤት ውስጥ አትሞክሩት። የታመመው የቀኝ ጆሮ ይሁን የግራ ሳይለይ፣ የአንገት አጥንታቸውም ሳይታይ የእናትን አንገት ማዞር ልክ አይደለም።

ግፊትን ተቀምጠው ብቻ መለካት

እዚህ ላይ ብቆጣ ይቅር በሉኝ። አባት ጤና ተቋም ይገባሉ፤ ይቀመጣሉ፤ ይለካሉ። 150 በ85። «ግፊትዎ ከፍ ብሏል፤ ለዚህ ነው የሚያዞርዎት» ይባላሉ። መድኃኒት ይጨመርላቸዋል። በሳምንቱ ሽንት ቤት ደጃፍ ወድቀው ይገኛሉ። ይህን ስንት ጊዜ አየሁት! ሰውየው የሚያዞራቸው ሲቀመጡ አይደለም፤ ሲነሱ ነው። ታዲያ ለምን ቆመው አይለኩም? ከፍ ያለ ግፊት እኮ በአብዛኛው ምንም ምልክት የለውም። የሚጥላቸው ሲነሱ ወርዶ የሚከሰከሰው ግፊት ነው።

ስንቆም ግማሽ ሊትርና ከዚያም በላይ ደም ወደ ሆድና ወደ እግር ይወርዳል። ወጣት ሰውነት የደም ሥሮቹን ወዲያው አጥብቆ ወደ ላይ ይመልሰዋል። ያረጀ ሰውነት ይዘገያል። በላዩ ላይ የሚያሸና የግፊት መድኃኒት፣ የፕሮስቴት መድኃኒት ወይም ለድብርትና ለነርቭ ሕመም የሚታዘዘው አሚትሪፕቲሊን ከተጨመረ ጭራሽ ይብሳል። ሦስቱንም ሦስት የተለያዩ ሐኪሞች ያዘዙላቸው፣ አንዱ ያዘዘውን ሌላው የማያውቅ አባቶች አሉ። የመድኃኒቱን ሁሉ ማሸጊያ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ።

የግፊት መለኪያ ቤት ውስጥ ካላችሁ እንዲህ አድርጉ። አምስት ደቂቃ ያስተኟቸውና ለኩ። ከዚያ ይቁሙ፤ እናንተ ከአጠገባቸው ሁኑ። በአንድ ደቂቃ አንዴ፣ በሦስተኛው ደቂቃ ደግሞ አንዴ ለኩ። የላይኛው ቁጥር 20 ወይም ከዚያ በላይ፣ ወይም የታችኛው 10 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ ቁጥሮቹን ጽፋችሁ ለሐኪማቸው አሳዩ። ግን መድኃኒቱን ራሳችሁ አታቁሙ! ይህም ሌላ ስህተት ነው። ያቋረጡ ሰዎች በስትሮክ ሲመጡ አይቻለሁ። መጠኑን ወይም ሰዓቱን ማስተካከል የሐኪሙ ሥራ ነው።

ጾም ሲገባ ይህ ሁሉ ይበዛል። እኔም ጿሚ ነኝ፤ ጾሙን ይተዉ ልል አይደለም። ነገር ግን ጠዋት የሚያሸና መድኃኒት ውጦ፣ ውኃ ሳይቀምሱ እስከ 9 ሰዓት ቅዳሴ ቆሞ መዋል ለአንድ የ75 ዓመት እናት ከባድ ነው። የስቅለት ዕለት ስግደት ሲጨመርበት ደግሞ ጎንበስ ቀና ማለቱ ግፊቱንም ጠጠሮቹንም ይነካል። ከጾም በኋላ በአንዴ ብዙ መብላትም ግፊትን ሊያወርድ ይችላል፤ ስለዚህ ከማዕድ ሲነሱ ቀስ ይበሉ። ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሐኪማቸውንና የንስሐ አባታቸውን ያማክሩ። ረመዳን የሚጾሙ አባቶችና እናቶችም እንዲሁ። ሁለቱም እምነቶች ለታመመ ሰው ያዝናሉ።

ሁሉንም «ደም ማነስ» ወይም «ጨጓራ» ማለት

ደም ማነስ ሊያዞር ይችላል፤ በምርመራ ይታወቃል። ሳይመረመሩ ቀይ ሥር ሲጨምቁ መክረም ግን ጊዜ ማባከን ነው። አንድ ነገር ላይ ልጽና። ለጉልበት ሕመም ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ሳያቋርጡ የሚወስዱ አረጋዊ ማዞር ከጀመራቸው የሰገራቸውን ቀለም ጠይቁ። እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ጨጓራቸው እየደማ ሊሆን ይችላል። ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ውሰዷቸው።

ከውጭ የመጣ የእንቅልፍ ኪኒን

ልጆች ከአሜሪካ በሻንጣ የሚልኩት ነገር በፍቅር የተላከ ነው። ግን እንደ ታይሌኖል ፒኤም ያሉት ዳይፈንሃይድራሚን የሚባል የሚያስተኛ መድኃኒት አለባቸው። አረጋውያንን ያደነዝዛል፤ ያንገዳግዳል። ሌሊት ለሽንት ሲነሱ ይወድቃሉ። ያለ ሐኪም ምክር አትላኩ።

ከሰል ቤት ውስጥ

ክረምት ሲገባ በር ዘግቶ ከሰል ማንደድ የተለመደ ነው። ፍሙ ጭስ ባይኖረውም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ሽታም ቀለምም የለውም። ራስ ያማል፤ ያዞራል፤ ከዚያም ይገድላል። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ ካዞረው ሌላ ምክንያት አትፈልጉ። መጀመሪያ በሩን ክፈቱና ሁሉንም ወደ ውጭ አውጡ። ከዚያ ወደ ሐኪም ቤት።

እስኪነጋ መጠበቅ

ማዞሩ ድንገት መጥቶ ከሚከተሉት አንዱ ካለ አትጠብቁ፦ ፊት መጣመም፣ ምላስ መተሳሰር፣ የአንድ ወገን እጅ ወይም እግር መዛል፣ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ መታየት፣ ያለ ድጋፍ መቆም አለመቻል፣ ከዚህ በፊት ያልነበረ ከባድ ራስ ምታት። ስትሮክ ሊሆን ይችላል። የደረት ሕመም ወይም ራስን መሳትም እንዲሁ ነው። ምች ነው ብላችሁ ዳማከሴ ስትፈልጉ ሰዓቱ ይሄዳል። ምግብም ውኃም አትስጡ፤ መዋጥ አቅቷቸው ሊያንቃቸው ይችላል። የጀመራቸውን ሰዓት ያዙና ሂዱ።

ወንበር ላይ ማስቀመጥ

ይህ ስህተት ከፍቅር የሚመጣ ስለሆነ ለመናገር ይከብደኛል። እናት አንዴ ይወድቃሉ። ከዚያ በኋላ ልጆች «እማዬ፣ አንቺ ቁጭ በይ፤ እኛ እናመጣልሻለን» ይላሉ። በጥቂት ወራት የእግር ጡንቻቸው ይሟሽሻል። አሁን ቢያዞራቸውም ባያዞራቸውም ይወድቃሉ።

እኔ የምጀምረው በትንሹ ነው። ጠዋት ከአልጋ ከመውረዳቸው በፊት ጠርዙ ላይ ሁለት ደቂቃ ይቀመጡ፤ ቁርጭምጭሚታቸውን ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀሳቅሱ። ከዚያ ይቁሙ፤ ወዲያው አይራመዱ። ከጠንካራ ወንበር ላይ አምስት ጊዜ ብድግ ቁጭ፣ በቀን ሁለት ጊዜ። ከግድግዳ አጠገብ ቆሞ እግርን ገጥሞ መቆየት። ሰው አጠገባቸው ይሁን። ሽንት ቤቱ ግቢ ውስጥ ከሆነ ሌሊት አይውጡ፤ ፖፖ ከአልጋቸው ሥር ይቀመጥ፤ መብራቱም እጃቸው በሚደርስበት ይሁን። ነጠላ ጫማው ሶሉ ያለቀ ከሆነ ይቀየር።

አንድ አባት አሉ፤ ከወደቁ በኋላ ስምንት ወር ከቤት አልወጡም ነበር። ከልጅ ልጃቸው ጋር በየቀኑ እስከ ግቢው በር መሄድ ጀመሩ፤ መቋሚያቸውን ይዘው። መጀመሪያ መሐል ላይ ሁለቴ ያርፉ ነበር። በሦስተኛው ወር ሰፈራቸው ያለው ቤተ ክርስቲያን ድረስ ሄደው ተሳልመው ተመለሱ። ልጅ ልጃቸው ነው ደውሎ የነገረኝ።