ከሌላ ድርጅት ጋር የምትጋሩትን ሲስተም ስትመርጡ

ቡና ላኪውን፣ አጓጓዡንና መጋዘኑን በአንድ ሲስተም ማገናኘት የዕለት ሥራዬ ነው። ትዕዛዝ መቀበያው፣ ጭነት መከታተያው፣ ክፍያ ማጽደቂያው፣ ሁሉም ክላውድ ላይ፣ ማለትም በኢንተርኔት በሚገባበት የሌላ ድርጅት ሰርቨር ላይ፣ ተዘጋጅቶ ይሸጣል። ብዙ ጊዜ ጣጣው የሚመጣው ከአመራረጡ ነው።

ለራስ ቢሮ ብቻ መምረጥ አንዱ ስህተት ነው። የላኪው ሰዎች ሻጩ ሲስተሙን የሚያሳይበትን ማሳያ (ዴሞ) ያያሉ፣ ይወዱታል፣ ይፈርማሉ። የአጓጓዡን የስምሪት ሠራተኛ የጠራው የለም። ሥራ የሚበላሸው ደግሞ ጉዳዩ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ሲያልፍ ነው። አንድ እውነተኛ የጭነት ትዕዛዝ ያዙና እስከ ክፍያው ድረስ ተከተሉት። ስልክ የተደወለበትን ቦታ ሁሉ ምልክት አድርጉ። ሲስተሙ መሸፈን ያለበት እሱን ነው።

ቀንና ሰዓት! ይሄን ማየት በእውነት ሰልችቶኛል። አጓጓዡ 05/06/2016 ብሎ ያስገባል። ለእሱ የካቲት 5 ነው። የላኪው ሲስተም ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ያነበውና የዛሬ ስንት ዓመት ያለፈ ቀን ያደርገዋል። አንድ ጊዜ እንዲህ ሆኖ ትዕዛዙ «የተጠናቀቀ» ውስጥ ገባ። ሹፌሩ ቡናውን ጭኖ የመጋዘኑ በር ላይ ቆሟል፣ ዘበኛው ዝርዝሩን እያገላበጠ «የለህም» ይለዋል። በሌላ ቀን ደግሞ «ጠዋት 2 ሰዓት» የተባለው ቀጠሮ 2:00 ተብሎ ተመዘገበ። ሲስተሙ ከሌሊቱ 8 ሰዓት አደረገው። እኔም የመጀመሪያዎቹን ሲስተሞች ስገጥም ይህን አልጠየቅኩም ነበር። አሁን ማሳያ ላይ ቁጭ ስል መጀመሪያ የማስገባው ቀን ጳጉሜን 5 ነው። «13ኛ ወር የለም» ካለኝ እነሳለሁ። ሻጩ «በኋላ እናስተካክለዋለን» ቢላችሁ፣ አስተካክሎ እስኪያሳያችሁ አትክፈሉ።

ዋጋው በተጠቃሚ ቁጥር ከሆነ የአጋሮቻችሁን ሠራተኞችም ቁጠሩ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የሲስተሙ ክፍያ በዶላር ነው፤ ልዩነቱን ማን ይሸከማል? ይህን ውሉ ላይ ሳይጽፉ ቀርተው የተኳረፉ አጋሮች አውቃለሁ።

ኔትወርክ ሲጠፋ መጋዘኑ ገቢ ጭነት መመዝገብ ካልቻለ፣ ያንን ሲስተም ተዉት።

የሹፌሮቹ ስም፣ ስልክና መንጃ ፈቃድ እዚያው ውስጥ ነው የሚቀመጠው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ይህ ዳታ የሚቀመጥበት ሰርቨር የት አገር እንዳለ ሳትጠይቁ አትፈርሙ።

አካውንቱስ በማን ስም ነው የተከፈተው? አንድ ቦታ ጎበዝ ልጅ ነበር፣ ሥራው እንዳይዘገይ ብሎ በግል ኢሜይሉና በራሱ ስልክ ከፈተው። ከዓመት በኋላ ሥራ ለቀቀ። የሦስት ድርጅት ውልና ደረሰኝ ያለበት አካውንት የሚከፈተው እሱ ስልክ ላይ በሚገባ ኮድ ነበር። አካውንቱን ወደ ድርጅቱ ስም እስክናዞር ድረስ በየጠዋቱ ደውለን ኮዱን ያነብልን ነበር።