ፕላኑ ሲከለስ የሰፈራችን ድምፅ እንዴት ይሰማ?

የምኖረው አዲስ አበባ ዳር፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። የነዋሪዎች ማኅበራችን ጸሐፊ ነኝ፤ የእድራችን መዝገብም እኔ ጋ ነው ያለው። ስለዚህ የሰፈሩ ሰው ወረቀት ነክ ነገር ሲገጥመው በሬን ያንኳኳል። አሁን አሁን በብዛት የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «ማስተር ፕላኑ ሲከለስ እኛ ምን ማድረግ አለብን?»

ሰፈሩ ማስተር ፕላን የሚለው፣ አሁን ያለው የአዲስ አበባ መዋቅራዊ ፕላን ከ2009 እስከ 2019 ዓ.ም. ድረስ የሚያገለግል የ10 ዓመት ፕላን ነው። ጊዜው እያለቀ ነው። የሚቀጥለው ሲዘጋጅ የትኛው መሬት ለመኖሪያ፣ የትኛው ለቅይጥ አገልግሎት (መኖሪያና ንግድ አብረው ለሚሆኑበት)፣ የትኛው ለፋብሪካ እንደሚውል እንደገና ይወሰናል። መንገድ በየት እንደሚያልፍና ሕንፃ እስከ ስንት ፎቅ እንደሚፈቀድም እንደዚያው። ዳር ላለነው ነገሩ ይከብዳል። ዛሬ ጤፍ የሚዘራበት ማሳ ነገ ካርታው ላይ ሌላ ቀለም ሊቀባ ይችላል።

አስተያየት መስጠት ልመና አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 43 ላይ ዜጎች አካባቢያቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ሐሳባቸውን እንዲጠየቁ መብት ሰጥቷል። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000ም የሕዝብ ተሳትፎን ከመሠረታዊ መርሆቹ አንዱ አድርጎታል። ይህ ሲዘነጋ ምን እንደሚመጣ ደግሞ በኛው ዙሪያ አይተናል። የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የኦሮሚያ ልዩ ዞን የተቀናጀ ማስተር ፕላን ገበሬውን ከመሬቱ ያፈናቅላል በሚል ተቃውሞ ተነሳበት፤ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ በጥር 2008 ዓ.ም. ተሰረዘ። እኔ ይህን ነገር አክብጄ የምይዘው ለዚህ ነው።

መጀመሪያ የትኛው ፕላን ላይ እንደምትነጋገሩ ለዩ። መዋቅራዊ ፕላን ከተማውን በሙሉ የሚመለከት ነው። የአካባቢ ልማት ፕላን ደግሞ ወደ ሰፈር ወርዶ ዝርዝሩን ያወጣል። ስለ ከተማው ዋና መንገድ የምትነጋገሩት በመጀመሪያው ነው፤ ስለ ብሎካችሁ ጓሮ በሁለተኛው።

ከዚያ የአዲሱን ፕላን ረቂቅ በእጃችሁ አስገቡ። በቃል አትጠይቁ። በማኅበሩ ወይም በእድሩ ማኅተም ደብዳቤ ጽፋችሁ ለወረዳው ወይም ለክፍለ ከተማው የፕላን ጽሕፈት ቤት አስገቡ። መዝገብ ቤት ሲቀበላችሁ ቀሪው ኮፒ ላይ ቁጥርና ቀን አስጽፉ። ያቺ ኮፒ ኋላ ብዙ ታወራለች።

አሁን ወደ ዋናው ሥራ፤ ካርታውን ይዛችሁ በእግር ዙሩ። ስብሰባ አዳራሽ ውስጥ በፕሮጀክተር የሚታይ ካርታ ሁሉ ያምራል። መሬት ላይ ስትቆሙ ግን ሌላ ነው። ከዓመታት በፊት የሰፈሩን ዳር ስንዞር አንድ አርሶ አደር አባት አብረውን ነበሩ። ሜዳ የሚመስል ቦታ ላይ ቆም አሉና በከዘራቸው መሬቱን ነካ ነካ አደረጉ። «ልጄ፣ እዚህ ቤት የሚሠራ ሰው ነሐሴን አያውቅም» አሉኝ። «አባባ፣ ውሃው ከየት ነው የሚመጣው?» ስላቸው ከላይ ጀምረው እስከ ታች መውረጃውን በጣታቸው አሳዩኝ። የኛ መሬት ዋልካ ነው። በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል። እንዲህ ያለውን ቦታ የሚያውቀው የኖረበት ሰው ነው። ስለዚህ ስትዞሩ አካባቢውን ኮንዶሚኒየሙ ከመሠራቱ በፊት የሚያውቅ ሰው ይኑር። ኦሮምኛ የሚተረጉም ሰውም ያዙ፤ በአማርኛ ብቻ ከሆነ ገበሬው አንገቱን ነቅንቆ ይሄዳል፤ የሚያውቀው አብሮት ይቀራል።

ማታም ዙሩ። ብየዳ ቤቱ የሚሠራው፣ ጉሊቱ የሚደምቀው፣ ባጃጅ ተራ የሚጨናነቀው ያኔ ነው። «ቅይጥ» የሚለው ቀለም ውስጥ ወፍጮ ቤትም፣ ግሮሰሪም፣ ጋራዥም ሊገባ ይችላል። ስለዚህ «ንግድ ይፈቀድ» ወይም «ይከልከል» ብቻ አትበሉ። የትኛው ዓይነት፣ ስንተኛ ፎቅ ላይ፣ እስከ ስንት ሰዓት ብላችሁ ጻፉ። ጉሊት ላይ የኔ አቋም ግልጽ ነው፤ ፕላኑ ውስጥ ቦታ ይያዝላቸው። ቦታ ካልተያዘላቸው እነዚያ እናቶች ዕድሜያቸውን ሙሉ ከደንብ አስከባሪ ሲሸሹ ይኖራሉ።

ሌላም ልታዩት የሚገባ አለ። ያሁኑ ፕላን መርሁ 30 ከመቶ ለመንገድ፣ 30 ከመቶ ለአረንጓዴና ክፍት ቦታ፣ 40 ከመቶ ለግንባታ ነው። በሰፈራችሁ አረንጓዴ የተባለውን እየዞራችሁ ተመልከቱት። ልጅ ኳስ የሚጫወትበት ነው ወይስ ሰው የማይደርስበት ገደል? ልዩነቱን ጻፉት።

አስተያየታችሁ ሦስት ነገር ይኑረው፦ ቦታው፣ አሁን ያለው ሁኔታ፣ የምትጠይቁት ለውጥ። ለምሳሌ እንዲህ፦

«ቦታው፦ ከትምህርት ቤቱ አጥር እስከ አስፋልቱ። አሁን ያለው፦ የክረምት ጎርፍ መውረጃ፣ ተማሪዎች የሚሻገሩት። የምንጠይቀው፦ በረቂቁ ለቅይጥ አገልግሎት የተመደበው ወደ አረንጓዴ ይለወጥ፤ ከመውረጃው ግራና ቀኝ ግንባታ አይፈቀድ፤ የእግረኛ መሻገሪያ ይያዝለት።»

ከዚህ የበለጠ አታስረዝሙት። የውሃ መጥፋትና የመብራት መቆራረጥ ያንገበግባል፤ አውቃለሁ። ግን ስለ እሱ ስታወሩ ሰዓቱ ያልቅና የመሬት አጠቃቀሙ ሳይነካ ይቀራል። ለሱ ሌላ ደብዳቤ ጻፉ።

አስተያየት ስታሰባስቡ ተከራዩን አትርሱ። የማኅበር መዝገብ የሚያውቀው ባለቤቱን ነው፤ እዚህ ብዙው ቤት ውስጥ የሚኖረው ግን ተከራይ ነው። እድሩ ይሻላል፤ ለቀስተኛን ባለቤትና ተከራይ ብሎ አይለይምና። ሴቶች በስብሰባ ካልተናገሩ ቡና ላይ ጠይቋቸው። ሕፃን የሚያመላልሱት፣ መንገዱ የት እንደሚያስፈራ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ረቂቁ ለነዋሪው በሚቀርብበት ስብሰባ ቀን ተራ ተከፋፈሉ። አንዱ ስለ ጎርፉ፣ ሌላው ስለ ሕንፃ ከፍታው፣ ሌላው ስለ ጉሊቱ ይናገር። ያለዚያ መጀመሪያ የተናገረውን ሁሉም ይደግመዋል።

አንድ ነገር አደራ፤ ፊርማ ወረቀት ሲዞር ራስጌውን አንብቡ። «የተገኙ ተሳታፊዎች» ከሆነ ፈርሙ። «በረቂቁ የተስማሙ» የሚል ከሆነ ግን ካልተስማማችሁ አትፈርሙ፤ «ተገኝቻለሁ፣ አስተያየቴን በጽሑፍ አስገብቻለሁ» ብላችሁ ከስማችሁ ጎን ጻፉ። ከመበተናችሁ በፊትም ቃለ ጉባኤው ይነበብ በሉ። ያነሳችሁት ከሌለ እዚያው ይካተት። የጽሑፍ አስተያየታችሁንም እንደ መጀመሪያው ደብዳቤ በመዝገብ ቤት በኩል አስገቡ።

መድረኩን ለምታዘጋጁ ባለሙያዎችም አንድ ቃል አለኝ። በሥራ ቀን ጠዋት አትጥሩን፤ የሚመጣው ያው የለመዳችሁት ሰው ነው። ቅዳሜ ከሰዓት አድርጉት። ካርታውን ከሳምንት በፊት ወረዳው ግድግዳ ላይ ለጥፉልን።

ከስብሰባው በኋላ የትኛው አስተያየት እንደተወሰደ፣ የትኛው በምን ምክንያት እንደተተወ በጽሑፍ እንዲገለጽላችሁ ጠይቁ። መልስ ከዘገየ፣ ቁጥርና ቀን ያለባቸውን ኮፒዎች አያይዛችሁ ለምክር ቤት ተወካዮቻችሁ አድርሱ። ይህን ፕላኑ ከመጽደቁ በፊት አድርጉት። ከጸደቀ በኋላ አንድ ቦታ ለማስለወጥ ድካሙ እጥፍ ነው።