ዜኖፊዮፎርን ሳይሰብሩ ማንሳት፦ ከጥልቅ ውቅያኖስ ወለል እስከ ማይክሮስኮፕ

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይታወቅ፤ ከውቅያኖስ ወለል ከምታነሱት ነገር አብዛኛው ሕይወት የለውም። ዜኖፊዮፎር አንድ ሕዋስ ብቻ ነው። ነገር ግን ከዙሪያው ደለል፣ የጥቃቅን ፍጥረታት ቅርፊትና ስፖንጅ የተባለውን የባሕር እንስሳ እሾህ እየለቀመ፣ ራሱ በሚያመነጨው ማጣበቂያ እያያዘ ቤት ይሠራል። ቤቱ እንደ ዝርያው ከጥቂት ሚሊ ሜትር እስከ 20 ሴንቲ ሜትር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይሆናል። ሕዋሱ ግን በቤቱ ውስጥ እንደ ቀጭን ክር ቅርንጫፍ አውጥቶ ነው የሚኖረው። በጥንቃቄ የምናነሳው፣ የምናቀዘቅዘው፣ በፈሳሽ የምናስቀምጠው ያ ክር እንዳይጠፋብን ነው። ጭቃውን እንደ ሥጋ የቆጠረ ሰው ግን ናሙናውንም ልኬቱንም ያበላሻል።

የሚሰበር መሆኑ ከጥንት የታወቀ ነው። እንግሊዛዊው ሄንሪ ብራዲ በ1883 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የመጀመሪያዎቹን ናሙናዎች ሲገልጽ «ሲሪንጋሚና ፍራጂሊሲማ» ብሎ ሰየመው፤ ሁለተኛው ቃል በላቲን «እጅግ ተሰባሪ» ማለት ነው። ጀርመናዊው ኧርነስት ሄክል በ1889 አንዳንዶቹን ከስፖንጅ ወገን መድቧቸው ነበር። ነገሩ በዘረመል ምርመራ የጠራው በ2003 ሲሆን፣ ፎራሚኒፌራ ከሚባሉት ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረታት ወገን መሆናቸው ታየ።

በምስል ላይ መለየት

ይህን ክፍል መርከብ ሳይሳፈሩ መለማመድ ይቻላል። ኦኬያኖስ ኤክስፕሎረር የተባለችው የአሜሪካ የምርምር መርከብ ሮቦቷን ወደ ጥልቁ ስታወርድ ምስሉ በቀጥታ በኢንተርኔት ይተላለፋል፤ የቆዩትም ቪዲዮዎች ለሕዝብ ክፍት ናቸው። አዲስ አበባም ሆነ ዋሽንግተን ያለ ሰው በኮምፒውተሩ ተቀምጦ ዓይኑን ማሠልጠን ይችላል።

መጀመሪያ መጠኑን ለኩ። ሮቦቶቹ ወለሉ ላይ ሁለት የሌዘር ነጥብ ያሳርፋሉ፤ በብዙዎቹ በነጥቦቹ መካከል ያለው ርቀት 10 ሴንቲ ሜትር ነው። የእያንዳንዱን ጉዞ መግለጫ አይታችሁ ርቀቱን አረጋግጡ፤ ይህ ከተሳሳተ የመጠን መዝገባችሁ በሙሉ ይሳሳታል። ሌዘሩ ከዕቃው ኋላ ባለው ደለል ላይ ካረፈም ዕቃው ከእውነቱ ገዝፎ ይለካል። ስለዚህ ነጥቡ ራሱ ዜኖፊዮፎሩ ላይ ወይም ልክ ሥሩ ላይ ያረፈበትን ምስል ምረጡ።

ቀጥሎ ቅርጹን ተመልከቱ። ሬቲኩላሚናና ሲሪንጋሚና የተባሉት እርስ በርስ የተጠላለፉ ግድግዳዎች ወይም ቱቦዎች ያሉት ድቡልቡል ነገር ይመስላሉ፤ ክፍተቶቻቸው ብዙ ናቸው። ሳሚና እንደ ስስ ሳህን ወይም ማራገቢያ ነው፣ ግትርም ነው። አስኬሞኔላ እንደ መቁጠሪያ ዶቃ ተራ በተራ የተያያዙ ክፍሎች አሉት። ስታኖፊሉም ቅጠል የመሰለ ነው፤ ስታኖፊሉም ዞናሪየም የተባለው ዝርያ ስፋቱ እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ቢደርስም ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በደለል ውስጥ ተቀብሮ የሚኖረው ኦክልታሚና ደግሞ በካሜራ ጨርሶ አይታይም፤ እሱን የሚፈልግ ደለሉን ቆርጦ ማውጣት አለበት።

ዓይንን የሚያታልሉት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ስፖንጅ፣ ትሎች ከጉድጓዳቸው ያወጡት የጭቃ ክምርና የባሕር ኪያር የተባለው እንስሳ የጣለው ኩስ። ስፖንጅ ብዙ ጊዜ ውኃ የሚያስወጣበት ግልጽ ቀዳዳ አለው። የጭቃ ክምር ጠርዙ የለሰለሰ ሲሆን አጠገቡ ጉድጓድ ይኖራል። ኩስ እንደ ገመድ ተጠምዝዞ ይጋደማል፣ ከመሬት ቀና አይልም። ዜኖፊዮፎር ግን በአብዛኛው ከደለሉ ቀና ብሎ የቆመ፣ ቀለሙ ከደለሉ ጋር የሚመሳሰል፣ የቅርጹ ሥርዓት ግን የማይጠፋ ነው። እርግጠኛ ካልሆናችሁ «ዜኖፊዮፎር መሳይ» ብላችሁ መዝግቡ። ዝርያ ድረስ በምስል ብቻ መሰየም አይገባም።

በምስል ሕያውን ከሞተ መለየትም አይቻልም። ሕዋሱ ከሞተ በኋላ ቤቱ ቆሞ ይቆያል። ስለዚህ ከምስል የተገኘ ቁጥር የቤቶች ቁጥር ነው፤ በሰንጠረዡ ርእስ ላይም እንዲሁ ይጻፍ። በየጊዜው ፎቶ የሚያነሳ ካሜራ ወለሉ ላይ ለመተው የሚያስቡ ደግሞ ጊዜውን ያርዝሙት። ከሰሜን ምዕራብ አፍሪካ ወዲያ በ4,944 ሜትር ጥልቀት የተቀመጠ ካሜራ ያሳየውና በ1993 የታተመው ጥናት፣ ሬቲኩላሚና በ8 ወር ውስጥ መጠኑ ከ3 እስከ 10 እጥፍ ማደጉን ያሳያል። እድገቱ ግን በ2 ወይም 3 ቀን ውስጥ የሚፈጸም ነበር፤ ከዚያ ለ2 ወር ያህል ዝም ይላል። የአንድ ሳምንት ቀረጻ ምንም ላያሳይ ይችላል።

ከወለሉ ማንሳት

በሃዋይና በሜክሲኮ መካከል ያለው የክላሪዮን ክሊፐርተን ቀጠና፣ ጥልቀቱ ከ4,000 እስከ 5,500 ሜትር ገደማ፣ ዜኖፊዮፎር በብዛትና በብዙ ዓይነት ከሚገኝባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ድንች የሚያክሉት የማንጋኒዝ ድንጋዮችም እዚያው ተዘርግተዋል፤ ለማዕድን የሚፈለጉትም እነሱ ናቸው። ብዙ ዜኖፊዮፎሮች የሚያድጉት በድንጋዮቹ ላይ ነው። ድንጋዩን ከነፍጥረቱ አንሱ እንጂ ፍጥረቱን ከድንጋዩ አትላጡ፤ ሥሩ ተገንጥሎ ይቀራል።

ጥሩው መሣሪያ የሮቦት እጅ ነው። እጁ ሣጥኑን ወይም ሲሊንደሩን ይዞ ከዜኖፊዮፎሩ ሥር 3 ወይም 4 ሴንቲ ሜትር ደለል ጭምር ይዛቅ፤ ከላይ ቆንጥጦ መያዝ ክልክል ነው። የመምጠጫ ቱቦ ለጠንካራዎቹ እንኳ አይመከርም፤ ቱቦው መታጠፊያ ላይ ይፈጫቸዋል። ሣጥኑ ወለሉ ላይ ሳለ ይከደን። ክዳኑ ክፍት ከቀረ በመውጣት ላይ የሚያልፈው ውኃ ስሱን ክፍል ይጠርገዋል፤ ሙቁ የላይ ውኃም ይገባበታል።

ሮቦት ከሌለ 50 በ50 ሴንቲ ሜትር የሆነው ባለ ሣጥን ናሙና መውሰጃ ያገለግላል። የሚያስከትለው ችግር ግን ይታወቅ። ሣጥኑ በፍጥነት ከወረደ ከፊቱ የሚገፋው ውኃ ወለሉን ሳይነካው በፊት ያጥበዋል። በመጨረሻዎቹ አሥር ወይም ሃያ ሜትሮች ገመዱን ቀስ አድርጉት። ሲወጣም በሰከንድ 1 ሜትር ቢጎተት ከ4,200 ሜትር ለመድረስ 70 ደቂቃ ይፈጃል። ስለዚህ ሣጥኑ ጀልባው ላይ ከማረፉ በፊት ቀዝቃዛው ክፍል፣ የተጣራው ቀዝቃዛ የባሕር ውኃና ዕቃው ሁሉ ተዘጋጅቶ ይጠብቅ። የጥልቁ ውኃ ከ1 እስከ 2 ዲግሪ ነው፤ የመርከቡ ወለል ግን 28 ሊሆን ይችላል።

መርከብ ላይ ሲደርስ

በሣጥኑ ላይ ያለውን ውኃ ገልብጣችሁ አታፍስሱ። በጠባብ የጎማ ቱቦ፣ አፉን ከናሙናው አርቃችሁ፣ ቀስ ብላችሁ ወደ ወንፊት አውርዱት፤ የተሰበረ ቁራጭ ካለ ወንፊቱ ይይዘዋል። ግን ደለሉ ላይ ቢያንስ 2 ሴንቲ ሜትር ውኃ ይቅር። የዚህ ምክንያት ቀላል ነው። ዜኖፊዮፎር ውኃ ውስጥ ሳለ ውኃው ይሸከመዋል፤ ወደ አየር ሲወጣ በቀዳዳዎቹ ውስጥ ያለው የውኃ ክብደት ራሱ ይሰባብረዋል። ደህና ከወለሉ የደረሰ ናሙና የሚፈርሰው አብዛኛውን ጊዜ እዚህች ቅጽበት ላይ ነው፤ አንድ ሰው ጣቱን ሰድዶ ብድግ ሲያደርገው።

ዘዴው ይህ ነው። ለጥ ያለ ማንኪያ ወይም ጭልፋ ውኃው ውስጥ እንዳለ ከደለሉ ጋር ከሥሩ አሳልፉ። ሳህን ወይም ጎድጓዳ ዕቃ እዚያው ውኃ ውስጥ አስጥማችሁ ማንኪያውን ወደ ዕቃው አንሸራቱ። ከዚያ ዕቃውን ከነውኃው አንሱት። ዜኖፊዮፎሩ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ከውኃ አይወጣም። ዙሪያውን የያዘውን ልቅ ደለል በፒፔት በሚለቀቅ ቀዝቃዛ የባሕር ውኃ አጥቡ፤ በብሩሽ አትፈግፍጉ። የቧንቧ ውኃ ደግሞ ፈጽሞ አይንካው፤ ጨው የሌለበት ውኃ ሕዋሱን ያፈነዳዋል።

ወዲያውኑ ፎቶ አንሱ፤ ከላይ፣ ከሁለቱም ጎን፣ ከሥር ከተቻለ፣ ከአጠገቡ መለኪያ ተቀምጦ። ፎርማሊን ከገባ በኋላ ቀለሙ ይለወጣል፣ ቁራጭም ይወድቃል፤ የመጀመሪያው ቅርጽ ምስክር ያ ፎቶ ብቻ ይሆናል።

በዚያው ጊዜ ስንጥቆቹን በእጅ ማጉያ መርምሩ። በቤቱ ክፍተቶች ትሎች፣ ጥቃቅን ሸርጣን መሳዮች፣ ኮከብ ዓሣ መሳይ ባለ ቀጫጭን እጆች ይኖራሉ። በ2019 የታተመ ጥናት እንዲያውም በዜኖፊዮፎሮች ውስጥ የዓሣ እንቁላልና ሽሎችን አግኝቷል። እነሱን ሳታዩ ናሙናውን አጥባችሁ ብትጥሉ የጎረቤቶቹ ታሪክ አብሮ ይጠፋል። የታጠበበት ውኃም ስለዚህ አይደፋም፤ በደቃቅ ወንፊት ተጣርቶ ለብቻው ይቀመጥ።

ሁለት ዕቃ፣ ሁለት ፈሳሽ

አንዱን ናሙና ለቅርጽም ለዘረመልም በአንድ ፈሳሽ ማቆየት አይቻልም፤ ፎርማሊን ቅርጹን ይጠብቃል፣ ዲኤንኤውን ግን ያበላሻል። ስለዚህ ፎቶው እንዳለቀ ከጠርዙ ትንሽ ቁራጭ በምላጭ ቆርጣችሁ አርኤንኤሌተር በሚባለው ፈሳሽ ውስጥ አግቡ። የቁራጩ ውፍረት ከግማሽ ሴንቲ ሜትር አይብለጥ፤ ወፍራም ከሆነ ፈሳሹ ውስጡን ሳይደርስ ይበሰብሳል። ፈሳሹ ከቁራጩ ቢያንስ 5 እጥፍ ይሁን። አንድ ሌሊት በ4 ዲግሪ ይደር፣ ከዚያ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ወዳለው ማቀዝቀዣ ይግባ። ወዲያው ካቀዘቀዛችሁት ፈሳሹ ሳይሰርግ ስለሚቀር ሌሊቱ የሚዘለል አይደለም።

የቀረውን ትልቁን ክፍል ለፎርማሊን ስጡ። ከገበያ የሚገኘው ፎርማሊን ከ37 እስከ 40 በመቶ ፎርማልዴሃይድ ነው፤ 100 ሚሊ ሊትሩን ከ900 ሚሊ ሊትር የተጣራ የባሕር ውኃ ጋር ቀላቅሉ። ቦራክስ ጨምሩበት፤ ከሥሩ የማይሟሟ ጥቂት እስኪቀር፣ በፒኤች ወረቀት ሲለካም 8 አካባቢ እስኪሆን። ይህን የዘለለ ሰው ከወራት በኋላ ይጎዳል፤ ያልተስተካከለ ፎርማሊን እየቆየ አሲድ ይሆናል፣ ቤቱ በኖራ ቅርፊት የተሠራ ከሆነም ግድግዳው ይሟሟል። ፎርማልዴሃይድ ካንሰር አምጪ መሆኑ የታወቀ ስለሆነ ጓንትና መነጽር አድርጉ፣ አየር በሚስብ መከለያ ሥር ሥሩ። ማሰሮው እስከ አፉ ይሞላ፤ አየር ከቀረበት በመርከቡ ውዝዋዜ ፈሳሹ ናሙናውን እየመታ ያደቀዋል።

ማይክሮስኮፕ ሥር

ናሙናው በፔትሪ ሳህን ውስጥ በፈሳሽ ተጠልቆ ይታይ። መጀመሪያ በመርፌ ጫፍ ጠርዙን በቀስታ ግፉ። የሚታጠፍ ከሆነ የስታኖሚድ ወገን ነው፤ ቤቱ ውስጥ ሊኔላ የሚባሉ የፕሮቲን ክሮች አሉት። ግትር ሆኖ የሚሰነጠቅ ከሆነ የሳሚኒድ ወገን ነው። ይህች ትንሽ ግፊት ከብዙ የመጽሐፍ ገጽ ትሻላለች፤ ግን ከጫፍ ላይ አንዴ ብቻ፣ ሌላው እንዳይሰበር።

ከዚያ የተሰነጠቀውን ጠርዝ ከፈት አድርጉ። ሁለት ዓይነት ክር ታያላችሁ። አንደኛው ጥቁር ወይም ቡናማ፣ በጥቃቅን እንክብሎች የተሞላ ነው፤ ይህ ስተርኮማሬ የሚባለው ሲሆን እንክብሎቹ የሕዋሱ ኩስ ናቸው። ቤቱን በአመዛኙ የሚሞላውም እሱ ነው። ሁለተኛው ነጭ ወይም ገረጣ ያለ ቢጫ፣ የሚያበራና ቅርንጫፍ ያለው ቱቦ ነው። ይህ ግራኔላሬ ሕዋሱ ራሱ ነው። አንዱን ቁራጭ በወረንጦ አውጥታችሁ በከፍተኛ ማጉያ ብታዩት ከ2 እስከ 5 ማይክሮሜትር የሆኑ ባሪት የተባለው ማዕድን ክሪስታሎች በውስጡ ያበራሉ። ቱቦዎቹ ባዶና የተኮማተሩ ከሆኑ ፍጥረቱ ሲነሳ ሞቶ ነበር። እዚህ ላይ ነው ሕያውነት የሚረጋገጠው።

ግራኔላሬው እጅግ ጥቂት በመሆኑ ናሙናውን በሙሉ ሚዛን ላይ አስቀምጦ «ይህን ያህል ግራም ሕይወት» ማለት ስሕተት ነው፤ የተመዘነው ደለል ነው። ቤቱን ሳይሰብሩ ውስጡን ለመለካት የሚሻለው ጥቃቅን ሲቲ ስካን ነው፤ በ2018 ሦስት የክላሪዮን ክሊፐርተን ዝርያዎች በዚህ መንገድ ተለክተዋል።

ለዲኤንኤ ከአርኤንኤሌተር የወጣውን ቁራጭ ክፈቱና ግራኔላሬውን ብቻ ልቀሙ፤ በንጹሕ የባሕር ውኃ ጠብታ ሦስት ጊዜ እያለፈ ይታጠብ። ጭቃው ሳይጸዳ ከገባ በቤቱ ውስጥ የሚኖሩ ትናንሽ ፎራሚኒፌራዎች ዲኤንኤ ከዋናው ቀድሞ ይወጣል፣ እናንተም የእንግዳውን ዘር የባለቤቱ ነው ብላችሁ ትመዘግባላችሁ። ከሦስት የተለያዩ ቦታዎች ለየብቻ አውጡ። ፒሲአሩ፣ ማለትም ዲኤንኤውን የማባዛቱ ሥራ፣ ኤስ14ኤፍ3 እና ኤስቢ በሚባሉ ማስጀመሪያዎች (ፕራይመሮች) ይጀመርና ሁለተኛው ዙር በኤስ14ኤፍ1 እና ኤስቢ ይደረጋል። ሦስቱም ውጤት አንድ ካልሆነ ናሙናው አልተለየም፤ እንደገና ልቀሙ።

ስለ መለያው ደግሞ ይህን አድርጉ። ለእያንዳንዱ ፍጥረት አንድ ቁጥር ይሰጠው፤ ያው ቁጥር በፎቶው ስም፣ በአርኤንኤሌተሩ ቱቦ፣ በፎርማሊኑ ማሰሮና በታጠበበት ውኃ ጠርሙስ ላይ ይጻፍ። ቀን፣ ጥልቀት፣ ኬክሮስና ኬንትሮስ፣ የተነሳበት መሣሪያ አብሮ ይስፈር። በማሰሮው ውስጥ የሚገባው መለያ ውኃ በማይበላው ወረቀት ላይ በእርሳስ ይጻፍ፤ የቀለም ብዕር በፈሳሹ ይለቃል። ክዳኑ ላይ ብቻ የተጻፈ ቁጥርም ክዳኑ ሲቀያየር ከናሙናው ይለያል።