ሴቷ ጥንቸል ከቀዶ ጥገና ስትመለስ፦ ጥንዶቹን ስናስታርቅ የምንሠራቸው ስህተቶች

ሁለት ጥንቸሎች አሉዎት እንበል። አብረው ይበላሉ፣ ጎን ለጎን ተጋድመው ይውላሉ፣ አንዱ የሌላውን ጆሮ ይልሳል። ከዚያ ሴቷን ለማምከን ሐኪም ዘንድ ይወስዷታል። መልሰው ከጓደኛዋ ጋር ሲያስገቧት ግን ቤቱ በፀጉር ይሞላል። ትናንት ሲላላሱ የነበሩት ዛሬ ይናከሳሉ።

ምን ነካቸው? ጥንቸል ጓደኛዋን የምታውቀው ከዓይኗ ይበልጥ በአፍንጫዋ ነው። ከክሊኒክ የተመለሰችው ሴት የመድኃኒት፣ የሌሎች እንስሳትና የማታውቃቸው ሰዎች ሽታ ይዛ ነው የመጣችው። ለወንዱ እንግዳ ናት። እሷ ደግሞ ሆዷ ተሰፍቷል፣ ያማታል፣ ሲጠጓት ትቆጣለች። እስከዚህ ድረስ የማንም ጥፋት የለም። ነገሩን የምናከረው ከዚህ በኋላ ነው፤ የምናከረውም እኛው ነን።

በመጣችበት ቀን አንድ ላይ ማስገባት

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው ባይ ነኝ። «ናፍቀዋል፣ ይገናኙ» ብለን እንቸኩላለን። ቁስሉ ለመዳን ከ10 እስከ 14 ቀን ገደማ ይፈልጋል። በዚህ መሃል አንድ ጥሩ ሩጫ ወይም ዝላይ ስፌቱን ሊፈታው ይችላል። ወንዱ ጀርባዋ ላይ ከወጣ ክብደቱ ቁስሏን ሊጎዳው ይችላል።

ለይተው ያስቀምጧቸው፤ ግን አያራርቋቸው። እንዲተያዩና እንዲሸታተቱ ሁለት የሽቦ አጥር ጎን ለጎን ያቁሙና በመሃላቸው ክፍተት ይተዉ። አንድ አጥር ብቻ ከሆነ በቀዳዳው አፍንጫና ጣት ይነካከሳሉ።

ቀዶ ጥገናው ገና ካልተደረገ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። ወንዱ አስቀድሞ የተኮላሸና ጭምት ከሆነ አብሮ ክሊኒክ እንዲሄድ ሐኪሙን ይጠይቁ። አብረው ሄደው አብረው ከተመለሱ ሁለቱም አንድ ዓይነት ሽታ ይዘው ይመጣሉ፤ ግማሹ ጣጣ ከመጀመሩ በፊት ያልቃል።

ቁስሉ ሲድን ሆርሞኑም አብሮ የጠፋ መምሰል

የእንቁላል ዕጢዎቿ ቢወጡም የነበረው ሆርሞን በአንድ ሌሊት አይጠፋም። ጠባይዋ እስኪረጋጋ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ይወስዳል። ስፌቱ ተነቅሎ እንኳ ስታጉረመርምና የራሷን ጥግ ስትጠብቅ ቢያዩ አይደንግጡ። ይጠብቋት።

ወንዱ ጨርሶ ካልተኮላሸ ዕርቁን ባይጀምሩት ይሻላል፤ ሴቷ ማርገዝ ባትችልም እሱ ማሳደዱን አይተውም። በቅርቡ የተኮላሸ ከሆነም ሆርሞኑ እስኪበርድ ሳምንታት ያስፈልጉታል። ቤት ውስጥ ያልመከነች ሌላ ሴት ካለች ደግሞ ይጠንቀቁ፦ ወንድ ጥንቸል ከተኮላሸ በኋላም እስከ 6 ሳምንት ድረስ ሊያስረግዝ ይችላል። እርግዝናው 31 ቀን ገደማ ብቻ ስለሆነ ሳያስቡት የግልገል ባለቤት ይሆናሉ።

ጠባቸውን ስናይ ሆዷን መርሳት

ጥንቸል ሕመሟን ትደብቃለች። ኩርምት ብላ መቀመጥ፣ ጥርስ ማፋጨት፣ ዓይንን በከፊል መጨፈን የሕመም ምልክቶች ናቸው። ከሁሉ በላይ ግን አበላሏን ይዩ። ጥንቸል ምግብ ካቆመች አንጀቷም ሥራ ያቆማል፤ ይህ ደግሞ በፍጥነት ይገድላል። ለ12 ሰዓት ካልበላች ወይም ሰገራ ካልጣለች ነገን ሳይጠብቁ ሐኪም ይደውሉ። ለይቶ የማስቀመጥ አንዱ ጥቅም እዚህ ላይ ይታያል፤ አብረው ከዋሉ ወለሉ ላይ ያለው ድቡልቡል ሰገራ የማን እንደሆነ በምን ይታወቃል?

የሚያማት ጥንቸል ከማንም ጋር አትታረቅም። ሐኪሙ ያዘዘውን ማስታገሻ «ደህና ትመስላለች» ብለው አያቋርጡ።

በአንዳቸው ግዛት ማገናኘት

ሴት ጥንቸል ቤቷን ታስከብራለች። ሳምንታት ብቻዋን የኖረችበት ቦታ ላይ ወንዱን ማስገባት ሌባ እንደማስገባት ነው። ስለዚህ ሁለቱም የማያውቁት ቦታ ይምረጡ። መታጠቢያ ክፍል ወይም ኮሪደር ይሆናል። እንዲህ ያለ ቦታ ከሌለ ወለሉን አቼቶ በተቀላቀለበት ውሃ ይጠቡና የዕቃውን አቀማመጥ ይቀያይሩ። ምንጣፍ ማንጠፍን አይርሱ። የጥንቸል መዳፍ እንደ ውሻ ለስላሳ ሥጋ የለውም፣ ፀጉር ብቻ ነው፤ ሴራሚክ ላይ ሲንሸራተቱ ይሸበራሉ። የተሸበረ ደግሞ ይናከሳል።

ከዚያ በፊት ባሉት ሳምንታት ሽታ ያለዋውጧቸው። የእሷን ጨርቅ ለእሱ፣ የእሱን ለእሷ ይስጡ። ቆየት ብሎ ደግሞ ቤታቸውን ራሱን ያቀያይሩ፤ ዛሬ እሷ በእሱ ቤት፣ ነገ እሱ በእሷ። መጀመሪያ ላይ ሊሸኑበት ይችላሉ። ቆይተው ይተዉታል።

ማንኛውንም ግርግር ጠብ ማለት፣ ወይም ጠቡን ጨዋታ ማለት

ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው፤ እኔም ብዙ ተሳስቻለሁ። አንዱ ሌላው ላይ ይወጣል። ጥቂት ያሳድደዋል። ትንሽ ፀጉር ይነጫል። ይህ «አለቃው ማነው?» የሚባልበት ድርድር ነው። በየደቂቃው ገብተን ከለያየናቸው ነገሩ አያልቅም፣ በሚቀጥለው ቀን ከዜሮ ይጀምራሉ። ጥቂት ሰከንድ ይታገሱ።

መታገስ የማይገባበትም አለ። አንዱ በሌላው ጭንቅላት በኩል ዞሮ ከወጣ ወዲያውኑ ያውርዱት። ታች ያለው ብልቱን ሊነክሰው ይችላል፣ ጉዳቱም ከባድ ነው። ጆሮ ወደ ኋላ ተለጥፎ፣ ጭራ ቀና ብሎ ሁለቱ እርስ በርስ በፍጥነት መዞር ከጀመሩ ደግሞ ድብድቡ ሊጀመር ሰከንዶች ነው የቀሩት።

ያን ጊዜ ባዶ እጅ አይስደዱ። በግራ አውራ ጣቴ ላይ ያለው ጠባሳ የዚያ ትምህርት ነው። ወፍራም ጓንት ያድርጉ፣ ወይም በመሃላቸው ቆሻሻ ማፈሻ ያስገቡ፣ ወይም ፎጣ ጣል ያድርጉባቸው። ከዚያ ሁለቱንም ፀጉራቸውን እየገለጡ ይፈትሹ፤ ቆዳቸው ስስ ነው፣ ንክሻው ደግሞ ከውጭ አይታይም።

ስለ አቋራጮቹም ትንሽ ልበል። አፍንጫቸው ላይ ቫኒላ ወይም ሽቶ መቀባት በማሽተት ለሚተዋወቁ እንስሳት ዓይን እንደማሰር ነው። መኪና ውስጥ ሲንቀጠቀጡ መተቃቀፋቸው ፍርሃት እንጂ ፍቅር አይደለም። ጀርባዋ ላይ ሲያስተኟት ዝም የምትለውም ስለፈራች ነው። አንድ የምግብ ሳህን ብቻ ማቅረብም ጠብ መጥራት ነው። ሁለት የድርቆሽ ክምር፣ ሁለት የውሃ ሳህን፣ ሁለት መውጫ ያለው መደበቂያ ያዘጋጁ። አንድ በር ብቻ ያለው መደበቂያ ወጥመድ ይሆናል።

የመጀመሪያዎቹ ግንኙነቶች 10 ወይም 15 ደቂቃ ቢሆኑ ይበቃል። ገና ሰላም እያለ ያቁሙ፤ ጠብ ላይ ካቆሙ የሚያስታውሱት ጠቡን ነው። አንድ ቀን ተላልሰው አመሹ ተብሎም ሌሊቱን ብቻቸውን አይተዉ። ከ24 እስከ 48 ሰዓት እርስዎ ባሉበት ያለ ማሳደድ አብረው ከበሉና ከተኙ በኋላ ነው ዓይንዎን የሚያነሱት።

አንዴ ከታረቁ ደግሞ «ለዛሬ ብቻ» ብለው አይለያዩአቸው። በሚቀጥለው ጊዜ ሐኪም ዘንድ የሚሄደው አንዱ ብቻ ቢሆንም ሁለቱም በአንድ ሳጥን ይግቡ።